ከኢየሩሳሌም መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም

ብዙ ዘመን የታሰበ መንገድ በድንገት ሲቀር፥ የሚቀረው መንገዱ ብቻ አይደለም። ስንቁ ከተሰናዳ፥ የዘመድ አደራ ከተቀበሉ፥ በጸሎት የሚነሣውም ስም ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ካለቀ በኋላ፥ ቤተ ሰቡ ግራ ገብቶት ይቀመጣል። ይህ ነገር በ2016 ዓመተ ምሕረት በኛ ቤት ስለ ደረሰ፥ መንገዳችንን እንዴት እንደ ለወጥነውና በተለወጠውም መንገድ ምን እንዳየን ልንጽፍ ወደድን።

እናታችን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲመኙ የኖሩ ናቸው። ዴር ሡልጣን የጌታ መቃብር ካለበት ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ መሆኑን፥ የኛም መነኮሳት በዚያ በጠባብ ክፍል መኖራቸውን ደርሰው ከተመለሱ ሰዎች ሰምተው፥ እንደ ገዛ ሰፈራቸው ይናገሩታል። እኛም በፍርድ ቤት ጽሕፈት ከምናገኘው ደመወዝ ጥቂት ጥቂት እየቈጠብን፥ ሚያዝያ 27 ቀን ለሚውለው ፋሲካ እንዲደርሱ አሰናድተን ነበር። ነገር ግን መስከረም 26 ቀን በዚያ አገር ጦርነት ተነሣና የምእመናኑ ጕዞ ቀረ። ትኬቱን የሸጠልን ቤት ገንዘቡን ለመመለስ ሦስት ወር ፈጀ፤ የመለሰውም ቀንሶ ነው። ስለዚህ ከዚህ በላይ ባንናገር ይሻላል።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ምክር ተያዘ። ባለቤታችን ላሊበላን አነሡ። 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሉበት፥ ወንዙ ዮርዳኖስ፥ ከቤቶቹም አንዱ ጎልጎታ የተባለበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ ምክራቸው እጅግ የተገባ ነበረ። ሆኖም በዚያ ወራት የሰሜኑ መንገድ ለመንገደኛ የሚያስተማምን አልነበረም። ታናሽ ወንድማችን ደግሞ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን መዝናናት ይሻላል ቢሉ፥ እናታችን «ዓሣ ለመብላት አልነበረም የተነሣሁት» ብለው ዝም አሉ።

እኛ የመረጥነው በጕልበታቸው ልክ ነው። ጕዞውን በዕድሜ የገፉት ካልቻሉት ሌላው ቢችለው ምን ይረባል? በማለዳ ወጥተን ማታ የምንገባበትን፥ መሳለሚያም ያለበትን ስፍራ ስንፈልግ የቡታጅራ መንገድ ትዝ አለን። ይህም የኢየሩሳሌም ምትክ እንዳልሆነ አስቀድመን ነገርናቸው። አሮጊት እናትን እንደ ሕፃን በሌላ ነገር ማባበል ነውር ነውና።

በግንቦት ወር በአንድ ማለዳ በዓለም ገና በኩል ወጣን። የአዋሽን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ከዋናው መንገድ ወደ አዳዲ ስንታጠፍ፥ አቧራውና ጕድጓዱ አውቶሞቢላችንን ብዙ አስቸገረው። አዳዲ ማርያም ከሩቅ አትታይም። ከምድር በታች ከአለት የተፈለፈለች ስለ ሆነች እንግዳ ሰው አጠገቧ ካልደረሰ አያውቃትም። ያነጻት ንጉሥ ላሊበላ ነው ተብሎ ይተረካል፤ ከታወቁትም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በደቡብ በኩል ካሉት አንዲቱ ናት። እንደ ላስታዎቹ የተወለወለች አይደለችም፤ ግድግዳዋ ሻካራ፥ ውስጧም ጨለማ ነው። እኛ ግን ይህ ሻካራነቷ ይበልጥ ደስ አሰኘን።

እናታችን በኛ ክንድና በዘንጋቸው ተደግፈው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ከታች ሲደርሱ አለቱን በመዳፋቸው ዳስሰው ተሳለሙና ብዙ ጊዜ ቆሙ። የስሞቹ ወረቀት በቦርሳቸው መኖሩን እናውቅ ነበርና፥ እዚህ እንዲያነቡት ብንጠይቃቸው «ልጄ፥ ይህ የኢየሩሳሌም ነው፤ አደራ አይለወጥም» አሉን። ወረቀቱም ሳይወጣ ቀረ።

ከዚያ ወደ ጢያ ሄድን። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት የተጻፉት ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው፤ ከነዚህም በ32ቱ ላይ ሰይፍና ትርጕሙ ያልተፈታ ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ያገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። ነገር ግን ግራኝ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሲሆን፥ ዐዋቂዎች መቃብሮቹን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ያደርጓቸዋል። እናታችን ሰይፎቹን ሲቈጥሩ ቈይተው፥ ከመቃብር በላይ ይህን ያህል ሰይፍ መቅረጹን አልወደዱም።

በመመለሻችን በአዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ ቆምን። በዚህ ስፍራ ከጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ሌላ፥ ዕድሜው 700,000 ዓመት የሆነ የዐዋቂና የሕፃናት እግር ፈለግ ተገኝቷል። ስፍራውም እኛ ካየነው በኋላ በሐምሌ 2016 ከዓለም ቅርስ ተቈጥሯል። ይህን ቍጥር ለእናታችን ብንነግራቸው «ዘንድሮ ዓመተ ዓለም 7516 አይደለምን? እናንተ በሚሲዮን ቤት ሌላ ሒሳብ ተምራችኋል» ብለው ሳቁብን። ድጓውንም የፈረንጁንም ትምህርት በልጅነታችን ስላየን፥ ከክርክሩ ሳንገባ ዝም አልን። ስለ ሕፃናቱ ግን ደጋግመው ጠየቁን፤ ውሃ ሊጠጡ መጥተው ይሆን? እናታቸውስ አብራ ነበረች? እኛም እንደሚመስለን መለስን።

ዓለም ገና ስንደርስ መሽቶ ነበረ። ተኝተዋል ስንል እናታችን ነጂውን ጠርተው፥ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ገዳም እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ጀልባውስ ለጕልበት ያስቸግራል? ብለው ጠየቁት። እርሱም በዝዋይ በኩል አልፎ እንደሆነ እንጂ በጀልባው እንዳልተሳፈረ ነገራቸው። በበነጋው የጀልባውን ዋጋና መነሻ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ላክን።