ቀይ ሁሉ ቀይ አይደለም

የመኪና ሬዲዮን ሰፈራችን ዛሬም «ቴፕ» ይለዋል። ካሴት የሚጎርሰው ማሽን ከገበያ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ስሙ ግን ወንበሩን አልለቀቀም። መስታወት የመሰለ ስክሪን ያለው፣ ካሴት ቢያሳዩት የማያውቅ ዕቃ ያስገባ ሰው እንኳ «ቴፕ አስገጠምኩ» ነው የሚለው። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰምተን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፤ «ቃል ከዕቃው ይልቅ ዕድሜ አለው» ብለን ማስታወሻችን ላይ እናሰፍራለን። ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ ያጻፈን የቃሉ ነገር ብቻ አይደለም። የአባታችን ዝምታ ነው።

አባታችን እንጀራችንን የሚያመጣው ከመሪ ላይ ነው። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ይነዳ በነበረበት ዘመን ሬዲዮዋ እየተንኮሻኮሸችም ቢሆን ታወራ ነበር። ዜናውንም ኳሱንም ሲሰማ ውሎ ማታ እራት ላይ ይዘረግፍልናል። ዓይኑ ትንንሽ ፊደል ከተወ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ለእሱ ጋዜጣ ማለት ሬዲዮ ነው። ዕቁብ ወጥቶ፣ ላዳዋ ተሸጣ፣ ከዘመድ ብድር ተጨምሮ ቪትዝ ከተገዛ ወዲህ ግን «አባዬ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ስንለው «ምን ሰምቼ!» ማለት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲያቋርጥ የሚውል ሰው ምንም አልሰማሁም ሲል ያስደነግጣል።

ቪትዟ ሬዲዮ አጥታ አይደለም። አላት፤ ግን ጃፓናዊ ነው። ሲከፍቱት በጃፓንኛ ይናገራል፣ የካርታ ዲስክ አምጡ ይላል፣ ባትሪ ከተነቀለ ደግሞ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ጣቢያ ፈልግ ሲሉት እስከ 90 ይሄድና ተመልሶ 76 ላይ ይወርዳል። ያየው ሁሉ «ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም፤ ያደገበትን ነው የሚሠራው። በጃፓን የኤፍ ኤም ስርጭት የሚጀምረው ከ76 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት የቆዩ የመኪና ሬዲዮኖች 90 ላይ ያበቃሉ። የእኛው ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ሁለቱ አገሮች የሚገናኙት በ2.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው ማለት ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፤ ሁሉም ከጃፓናዊው ጆሮ በላይ ያልፋሉ።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ርካሽ ነው። በአንቴናው መስመር መሐል የምትገባ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ሞገዱን ዝቅ አድርጋ ለሬዲዮው ታቀብለዋለች። የምትቀንሰው 20 ሜጋኸርዝ ከሆነ 102.1 በ82.1 ላይ ይሰማል። ጣቢያው ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን ይዋሻል። ከ96 በታች ያለ ጣቢያ፣ ለምሳሌ 94.3፣ ከነጭራሹ ይቀራል። አባታችን «በስተርጅና ሬዲዮ ለመስማት መቀነስ ልማር?» አለና ሁለተኛውን መረጠ፦ ፋብሪካው የገጠመውን አውጥቶ ሌላ ማስገባት።

«ፋብሪካ ያስገባውን መንቀል ነውር አይደለም ወይ?» ለሚለን ወገን መልስ አለን። የመኪና ሬዲዮ ገበያ ሲያገኝም በአብዛኛው ከፋብሪካ ጋር አልመጣም። ፖል ጋልቪን ቺካጎ ውስጥ በ1930 እ.ኤ.አ. «ሞቶሮላ» ብሎ ያወጣው ሬዲዮ መኪናው ከተሸጠ በኋላ የሚገጠም ዕቃ ነበር፤ ኩባንያውም ኋላ ላይ ስሙን ከዚያው ሬዲዮ ወሰደ። ስለዚህ ሬዲዮ መለወጥ ድፍረት ሳይሆን የቆየ ባህል ነው። ጥያቄው እንዴት ይለወጥ የሚለው ነው።

ወደ አንድ ገጣሚ ሄድን። ልጁ ቀልጣፋ ነው፤ ዳሽቦርዱን ገና እንዳየ ፒንሳውን አነሣ።

«ፋዘር፣ ይቺ'ኮ የሃያ ደቂቃ ሥራ ናት። ሶኬቷን እቆርጥና ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር አገናኛለሁ። በቃ!»

አባታችን ክንዱን ያዝ አደረገው። «ልጄ፣ ይቺ መኪና አንዴ ተቀዳ የተሰፋች ናት። መሪዋን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዛውሩት ስንቱን ሽቦ እንደነካኩት እግዜር ይወቀው። ሁለተኛ ስለት አላስነካትም።»

«እንዴ ፋዘር! ቀይ'ኮ ቀይ ነው!»

ለመሆኑ ቀይ ቀይ ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ቤት ገባን። ከእኛ ከልጆቹ አንዱ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ስለሆነ ሁለቱን የሽቦ ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ለብቻው በሚሸጠው ሬዲዮ ቢጫ ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ 12 ቮልት ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ 12 ቮልት ነው፤ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። በብዙ ቶዮታዎች የፋብሪካ ሽቦ ግን ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለበት ነው፤ የቁልፉ ግራጫ ነው፤ ኔጋቲቩ ቡናማ ነው። እዚያ ቀይ የሚባለው የኋላ ቀኝ ስፒከር ነው። ጥቁርና ቢጫው ደግሞ የኋላ ግራ ስፒከር ናቸው።

እንግዲህ ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር ቢያገናኙት ሬዲዮው ኤሌክትሪክ የሚለምነው ከስፒከር ነው። ይህስ ባልከፋ፤ አይሠራም፣ ያልፋል። የባሰው ግራጫው ነው። በአዲሱ ሬዲዮ ግራጫ የፊት ቀኝ ስፒከር መውጫ ነው፤ በቶዮታው የቁልፍ 12 ቮልት ነው። ግራጫን ከግራጫ ያሠረ ሰው ባትሪውን በቀጥታ ወደ ሬዲዮው ጉሮሮ ይለቅበታል። ስም ተመሳስሎ ትርጉም ሲለያይ እንዲህ ነው፤ ጭስ አለው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ገጣሚ ለመፍጠን ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ይጠመዝዛቸዋል። ሁለቱም ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚሠራው መስመር ከታሠሩ ሬዲዮው ቁልፍ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን ይረሳል። ሁለቱም በቀጥታ ከባትሪው ከታሠሩ ደግሞ ሬዲዮው መኪናው መቆሙን አያውቅም፤ ሌሊቱን ባትሪ ሲጠጣ ያድራል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ለእንጀራ የሚወጣ ሰው መኪናው አልነሣ ሲለው የሚያጣው ዘፈን አይደለም፤ የቀን ገቢ ነው። የብድሩ ቀን ደግሞ ባትሪ ሞተ ብሎ አይራዘምም።

ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድን። ያገኘናት ዕቃ የእጅ መዳፍ አትሞላም፤ በአንድ ጫፏ የቶዮታን ባለ 10 እና ባለ 6 እግር ሶኬት የምትቀበል፣ በሌላው ጫፏ የአዲሱን ሬዲዮ ቋንቋ የምትናገር አገናኝ ሽቦ ናት። እኛ አስተርጓሚ አልናት። ከመኪናው አንድ ሽቦ አይቆረጥም፤ ነገ ጃፓናዊውን መመለስ ቢያስፈልግ ሶኬቱ እንዳለ አለ። እሷንም ቢሆን በጭፍን አላመንናትም። ቁልፍ ተነቅሎ በቴስተር ለካን፤ 12 ቮልት ያሳየው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ለቢጫው ሆነ። ቁልፍ ዞሮ ሁለተኛው ብቅ አለ፤ እሱ ለቀዩ። የቶዮታው ቀዳዳ 200 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ፣ 180 ለሚሆነው ሬዲዮ በግራና በቀኝ 10 10 ሚሊ ሜትር መሙያ ገባለት። ሃያ ደቂቃ የተባለው ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ።

ካርቶኑም የራሱ ቋንቋ አለው። «4 በ50 ዋት» ይላል። ሞተር ሲሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ቢሆን፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከእንዲህ ዓይነቱ ሬዲዮ ሳይረበሽ ሊያገኝ የሚችለው 14.4 ሲባዛ በ14.4 ሲካፈል ለ8 ነው፤ ወደ 26 ዋት ገደማ። በተግባር ከዚያም ያንሳል። 50 የተባለው ድምፁ ተቀዳዶ የሚደርስበት ጫፍ ነው። ይህንን ስንነግረው አባታችን ሳቀ። «እኔ'ኮ ዜና ነው የምሰማው፤ ለዜና አምስትም ይበዛል» አለ።

አሁን ያወራል። እንዲያውም ከጋዜጠኛው ጋር ይከራከራል፤ ተሳፋሪም ያከራክራል አሉ። እኛም የጠፋብን ሰው ተመልሶልናል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ይጠበቅባቸዋል፤ ገና ብዙ ሶኬት ይቆረጣል። በብዙዎቹ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ሬዲዮው፣ ማቀዝቀዣውና የኋላ ካሜራው በአንድ ስክሪን ስለታሠሩ አንዱን ነቅሎ ሌላ መትከል እንደ ቪትዟ አይቀልም። የእነሱን አስተርጓሚ ማን እንደሚሠራው እንጃ፤ ምናልባት ከእናንተ ከአንባቢዎቻችን አንዱ ይሆናል።

እኛ ግን ከክፍል ስንገባ ያ ግራጫ ሽቦ ትዝ ይለናል። ከሌላ አገር መጽሐፍ አንድ ቃል እናመጣና ቤታችን ካገኘነው ቃል ጋር መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ እንቋጥረዋለን። የእኛን ጉልት «ፊውዳሊዝም» ከሚለው ቃል ጋር አሥሮ ጉዳዩን የጨረሰ ስንት ድርሰት አንብበናል! ምናልባት ይገጥም ይሆናል፤ ምናልባትም አይገጥምም። ምሁራን ሲከራከሩበት የኖሩትም ለዚህ ነው። የሚያሳፍረው አለማወቅ አይደለም፤ ቴስተር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳይለኩ ማሠር ነው።