በአንበሳሜ የደብረ ታቦር በዓል ገበታ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲት ላይ ከአውራው መንገድ ቢታጠፍ፥ የደራ ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው አንበሳሜ ይደርሳል። ይህን አገር በገበታው ለማወቅ የሚወድ ሰው ነሐሴ 13 ቀንን ይምረጥ፤ ባላገሩ ቡሄ የሚለው የደብረ ታቦር በዓል ነውና። የደቡብ ጎንደር ርእሰ ከተማም ስሟ ከዚሁ በዓል ጋራ አንድ ነው።

በዓሉ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል፥ በገበታው ላይ ሥጋና ቅቤ አይገኝም፤ የዕለቱ ክብር በዳቦው ነው። እናቶች የስንዴውን ሊጥ አቡክተው ሙልሙሉን ለበዓሉ ይጋግራሉ። ችቦ ይበራል፥ ጅራፍ ይጮኻል፤ ልጆችም ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ድርሻቸውን ይቀበላሉ።

ጠላ ጌሾ፥ ብቅልና አሻሮ ስለሚሻ ብዙ ቀን ይፈጃል። ጊዜ ያጠራት እመቤት ግን ብርዝ ታሰናዳ፤ ይኸውም ንጹሕ ማር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣ፥ ሰፈፉን በነጭ ጨርቅ አጥልላ፥ በዚያው ቀን ታቅርበው። ጌሾ ሳይገባበትና ሳያድር የሚጠጣ ስለ ሆነ አያሰክርም።

ዛሬ በየከተማው በሙልሙል ፈንታ ገንዘብ መስጠት በዝቷል። ለሰጪው ይቀላል፤ ነገር ግን ሙልሙል የተቀበለ ልጅ ማን እንደ ጋገረለት ያውቃል፥ ከባልንጀራውም ጋራ ቆርሶ ይበላል። ክረምቱን በዝናብ ከብት ሲጠብቅ ለከረመ እረኛ ይህ የክብሩ ቀን ነው። ስለዚህ እመቤቶች ሆይ፥ ገንዘብ ብትሰጡም እንኳ ሙልሙሉን አታስቀሩበት።