ወደ ልጄ አማት ደሴት

ልጄ ማሳቹሴትስ ከሄደች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ያገባችው የኬፕ ቬርዴ ተወላጅ ነው፤ በሚኖሩበት በብሮክተን ከተማ የአገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት አያቶች አሉት። አንዷ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሌላዋ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ፎጎ በምትባል ደሴት ይኖራሉ። እስከ ዛሬ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። ሠርጉ የተደረገው አሜሪካ ነበር፤ እሳቸውም እኔም መሄድ አልሆነልንም። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። ልጄ በስልክ፣ «እማዬ፣ እሳቸው ከእንግዲህ የትም አይሄዱም። እኛ ልንሄድ ነው፣ አንቺም ነይ» አለችኝ።

ይህን ስነግረው ባለቤቴ መጀመሪያ ያደረገው የደሴቷን ስም ትርጉም መጠየቅ ነው። ፎጎ በፖርቱጋልኛ «እሳት» ማለት ነው። «አፋር ያለው አልበቃ ብሎሽ ነው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር የእኛም ኮንዶሚኒየም ተነቃንቋል፤ ሌሊት በነጠላ ተጠቅልለን ደረጃ የወረድንበት ቀን አለ። ስለዚህ ከቲኬቱ በፊት ስለ ተራራው ጠየቅሁ። ኬፕ ቬርዴ ከሴኔጋል የባሕር ዳርቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ርቀው የሚገኙ አሥር ደሴቶች ናቸው። የፎጎ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 2,829 ሜትር ከፍታ አለው። የእኛ እንጦጦ ይበልጠዋል፤ ልዩነቱ እዚያ ከባሕሩ ተነስቶ ወደ ላይ መቆሙ ነው። ሰዉ የሚኖረው ግን በዙሪያው ብቻ አይደለም። አናቱ ሥር፣ ጥንት በተናደ ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ ውስጥ፣ ሻ ዳስ ካልዴራስ የሚባል መንደር አለ። የልጄ አማት ቤት እዚያ ነው።

ቤቱ ሁለተኛቸው ነው። የመጀመሪያው ኅዳር 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በጀመረው ፍንዳታ ተቀበረ። የቀለጠው አለት ቀስ እያለ ስለመጣ ሰዉ ጊዜ አግኝቶ ነበር፤ በርና መስኮት ሳይቀር ነቅለው ያወጡ አሉ። ፍንዳታው እስከ የካቲት መጀመሪያ ቆየ፤ ፖርቴላና ባንጋኤራ የሚባሉት ሁለት ሰፈሮች ጠፉ፣ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። ቀኑን ልብ ያልኩት በኋላ ነው፦ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የፈነዳውም ኅዳር 14 ነው፣ 2018 ዓ.ም.። ልክ በአሥራ አንድ ዓመቱ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ሰዎቹ ተመልሰው በጠቆረው አለት ላይ ቤት ሠሩ። ያ ተራራ በእኛ ዘመን አቆጣጠር 1943 ላይም 1987 ላይም ፈንድቷል፤ ይህን እያወቁ ነው። እኔ ብሆን አልመለስም ነበር ብዬ ለልጄ ነገርኳት። እሷም ወይኑም ባቄላውም እዚያ አመድ ላይ እንደሚበቅል፣ ታች ወርዶ የሚታረስ ነገር እንደሌላቸው አስረዳችኝ። አሳማኝ ነው፤ ግን ሙሉ ምክንያቱ አይመስለኝም። እናቴ ከሰፈሯ ከተነሳች በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ እስክትሞት ድረስ «ቤቴ» የምትለው የፈረሰውን ነበር።

ጊዜውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሰሃራ አቧራ ሰማዩን ሸፍኖ አውሮፕላን ያስቀራል አሉኝ፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናባቸው ነው፣ ከመጣ። ሚያዝያ 23 ቀን የሳኦ ፊሊፔ ከተማ ትልቁ በዓል ይከበራል፦ ፈረስ ይጋለባል፣ በከበሮ እየተዘፈነ በቆሎ በሙቀጫ ይወቀጣል። ለኛ የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ፋሲካም ቀድሞ ስለሚውል የጾም ነገር አያሳስበኝም። ቢያሳስበኝም ካቹፓ የሚሉት ምግባቸው በቆሎና ባቄላ ነው፤ ሥጋ ካልገባበት ንፍሮ በሉት።

መንገዱ ረጅም ነው። ዋና ከተማዋ ፕራያ ሌላ ደሴት ላይ ናት። ከዚያ ፎጎ በትንሽ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት፣ በመርከብ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ማዕበል ካለ መርከቡ ይቀራል። ለጉልበቴ ስል አውሮፕላኑን አልኩ፣ ለገንዘቡ ስል ልጄ መርከቡን አለች፤ ገና አልተስማማንም። የቢጫ ወባ ካርዴን አውጥቻለሁ። የልጅ ልጄ ጫፍ ድረስ ካልወጣሁ ብሏል። እኔ ሜዳው ላይ ከሴትየዋ ጋር ቁጭ እላለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ቁጭ ብለን የምናወራው ነው። እሳቸው ክርዮሉ እንጂ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እኔም «ቦን ዲያ» እና «ኦብሪጋዱ» ላይ ቆሜያለሁ። አስተርጓሚያችን የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ አማርኛው «ውሃ»፣ «ነይ» እና «እምቢ» ነው። ስለዚህ ጀበና እወስዳለሁ። ፎጎም ቡና ያበቅላል፤ ሞስቴሮስ በሚባለው አካባቢ ያለው ስም አለው። ልጄ «ቡና ወደ ቡና አገር?» ብላ ሳቀች። የእሳቸውን ቡና ቆልቼ፣ በጀበናዬ አፍልቼ፣ ሦስቱንም እንጠጣለን፤ ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም። ጀበናው በሻንጣ ይሰበራል፣ ታቅፌው ነው የምሄደው።

ባለፈው እሑድ እሳቸው በልጃቸው በኩል መልእክት ላኩብኝ። ግቢያቸው የተሰባበረ ጥቁር አለት ስለሆነ በስስ ጫማ አይኬድበትም፤ ከሳኦ ፊሊፔ ገበያ ጠንካራ ጫማ ሊያስገዙልኝ ፈልገው ቁጥሬን ጠየቁ። 38 ነው ብዬ መልሻለሁ።