አውሮፕላን ሲጠገን አየን



አንድ ቀን በማስተማር ላይ እንዳለን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በላያችን አለፈች። ተማሪዎቻችን ሁሉ ቀና አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ይህች ነገር ስታረጅ የት ትጣላለች?» ብለው ጠየቁን። መልስ አጣን። «እናጣራለን እማማ» አልናቸው።

በዕረፍታችን ጊዜ ወደ ኬንያ ሄድን። ከእኛ የአንዱ አጎት ናይሮቢ ውስጥ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሣን። በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አልፈን ሞያሌ ገባን። ድንበሩን ተሻግረን፣ በማርሳቢት በኩል ናይሮቢ ደረስን። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጉልበታችን ዛለ።

አጎታችን የሚሠሩት ዊልሰን በሚባለው ማረፊያ ነው። ስሙ የመጣው ፍሎረንስ ዊልሰን ከምትባል ሴት ነው። እሷ በፈረንጆች 1929 አየር መንገድ ያቋቋመች ናት። እዚያ ትንንሽ አውሮፕላኖች እንደ ገበያ ቀን አህያ ተሰልፈው ቆመዋል። ከእነሱም መካከል የሚሲዮን አውሮፕላኖች አሉ። መኪና ወደማይገባበት አገር ሐኪም፣ መድኃኒትና ሰባኪ ያደርሳሉ። ሲመለሱ በሽተኛ ይዘው ይመጣሉ። በእኛም አገር በ1960ዎቹ በደቡብ ምዕራብ በኩል ይበሩ ነበር።

ይህ ሥራ የቆየ ነው። በፈረንጆች 1945 ዛሬ ሚሽን አቪዬሽን ፌሎውሺፕ የሚባለው ማኅበር በአሜሪካ ተቋቋመ። በ1946 ቤቲ ግሪን የምትባል ሴት የማኅበሩን የመጀመሪያ አውሮፕላን እያበረረች ሜክሲኮ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ሌላ አብራሪ ይዟት ሲያርፍ አውሮፕላኗ ተሰበረች። ማኅበሩ ሌላ አልነበረውም። ኔት ሴንት የሚባል ወጣት ሄዶ ጠገናት። ሥራው ገና ከጅምሩ የቆመው በጠጋኝ እጅ ነው ማለት ነው።

አጎታችን ወደ መጠገኛው አዳራሽ አስገቡን። በመካከሉ ሴስና 206 የምትባል አውሮፕላን ቆማለች። አብራሪውን ጨምሮ 6 ሰው ትይዛለች። ሞተሯ ወጥቷል፤ ወንበሮቿም ወጥተዋል። ታርዶ እንደተበለተ በሬ ሆናለች። ብሎኑ ሁሉ በየከረጢቱ ታስሮ፣ ከየት እንደወጣ ተጽፎበታል።

«ጋሼ፣ አሮጌው ቀለም ላይ አዲሱን ለምን አትደርቡም?» አልናቸው።

ሳቁብን። «ቁስል ላይ አዲስ ነጠላ ቢደርቡበት ይድናል?» አሉ። ደግሞም ቀለም ክብደት አለው። በተደራረበ ቁጥር አውሮፕላኗ የምትጭነው መድኃኒት ይቀንሳል።

ቀለሙን በብረት አይፍቁትም። አካሏ አሉሚኒየም ነው። ከተጫረ፣ ጭረቱ ውሎ አድሮ ስንጥቅ ይሆናል። ስለዚህ ቀለም የሚያስለቅቅ ፈሳሽ ይቀቡታል። ቀለሙም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሣል። ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላልና ሠራተኞቹ ጓንት አጥልቀው፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው ይሠራሉ።

ከዚያ አካሏን ይመረምራሉ። የአሉሚኒየም ዝገት ቀይ አይደለም፤ ነጭ ነው፣ ዱቄት ይመስላል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ለማግኘት ደግሞ ቀይ ፈሳሽ ቀብተው ይጠርጉታል። ቀጥሎ ነጭ ነገር ይነፉበታል። ስንጥቅ ካለ፣ ውስጡ የቀረው ቀይ በነጩ ላይ ይወጣል።

እኛ እያየን በጭራዋ ማያያዣ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። አጎታችን፣ «ይህ በአየር ላይ ቢሰፋ ኖሮ አብራሪውም በሽተኛውም አይመለሱም ነበር» አሉ። ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ኖሯል። ማያያዣው ወጥቶ በአዲስ ተተካ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ አውሮፕላኗ ታጥባ፣ ዝገት የሚከላከለውን ቀለም ተቀብታለች። በላዩ ነጭና ቀይ ሲነፉባት ደረስን። ቀዩ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ጫካ ውስጥ ብትወድቅ ፈላጊ ከሩቅ እንዲያያት ነው። በክንፏና በጭራዋ ላይ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ከተቀቡ በኋላ እንደገና ይመዘናሉ። ሚዛናቸው ከተዛባ በበረራ ላይ ይርገበገባሉ፤ ተገንጥለው እስከ መውደቅም ይደርሳሉ።

በመጨረሻ አጎታችን አንድ ወፍራም ደብተር ከፈቱ። በአውሮፕላኗ ላይ ምን እንደተበላሸ፣ ማን፣ መቼ እንደጠገነ ተጽፎበታል። የተለወጠውን ዕቃ ጻፉ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ፈረሙ። «ካልተጻፈ እንዳልተሠራ ነው። ፊርማ ከሌለ አትነሣም» አሉን። በቋንቋችን የሚቀባውም ቀለም ነው፤ የሚጻፍበትም ቀለም ነው። አውሮፕላኗ ያለ ሁለቱም አትበርም።

ስንመለስ ለእናታችን መልሱን ነገርናቸው። «እማማ፣ በደንብ ከያዟት ቶሎ አትጣልም። ያረጀው አካሏ እየተለወጠ፣ እየተጻፈ ብዙ ዓመት ትበራለች» አልናቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲያ ከሆነ ላሜ የተከተበችበትን ቀን ጻፉልኝ» አሉ።

እርሳሱን አቀበልናቸው። «እርስዎ ይጻፉት» አልን። ጻፉት።

እናንተስ? በቤታችሁ ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ምን አለ? በቡድናችሁ ተወያዩበት።