የሚያለቅስ ግድግዳ

«ቤት የእግዜር ነው» ይባላል። ኪራዩን ግን ወር በገባ በ1 የሚቀበሉት አከራዬ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና በሐምሌና በነሐሴ ብርዱ የሚገባው በበር ብቻ አይደለም። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ከመሬት የጠጣውን ውሃ ማውጫ ያጣል። የእኛ ቤት አሸንዳ ደግሞ ተሰብሮ የጣራውን ውሃ ከግድግዳው ሥር ያፈሰዋል። ያን ጊዜ ልስኑ ያብጣል፤ ጥጉ ይሻግታል፤ የልጄም ሳል ሌሊቱን አይቆምም።

እንደ አቅሜ እታገላለሁ። አልጋውን ከግድግዳው አርቄያለሁ፤ ልብስ ቤት ውስጥ አላሰጣም፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል መስኮት እከፍታለሁ። ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት ግን አይሞከርም፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ ይገድላል።

«እትዬ፣ አሸንዳው ቢጠገን?» ስላቸው «ክረምት እኮ ነው ልጄ፣ ያልፋል» ይሉኛል። ቀጥለውም «ካልተመቸህ...» ብለው ይተዉታል። ከብርዱ ይልቅ የምታንቀጠቅጠኝ ይህች ያልተጨረሰች ቃል ናት።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ደግ ነው። እሳቸው ግን የሚኖሩት በዚችው ኪራይ ነው፤ የእሳቸውም ጣራ እንደ እኔው ያፈሳል። ታዲያ አንባቢ ሆይ፣ አዋጁን ይዤ በራቸውን ላንኳኳ? ወይስ የአሸንዳውን ዋጋ እኔ ከፍዬ ከኪራዩ እንድንተሳሰብ ልለምን? ሁለተኛውን መርጫለሁ። ሠራተኛውን ለእሑድ ቀጥሬዋለሁ፤ እትዬ ገና እሺ አላሉም።