የጎማ ጢስ በከተማ ዳር

አንባቢ ሆይ! ከአዲስ አበባ በየትኛውም በር ብትወጣ፣ ከተማው አለቀ ስትል ሌላ ከተማ ይቀበልሃል፤ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ከተሻገርህም በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ባለፈው ወር በየእሑዱ የዞርኋቸው ግን ለሽርሽር አይደለም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ስለ አንድ ጨዋታ ብቻ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ይኸውም መኪናን በፍሬን ይዞ፣ ጎማውን ባለበት እያሽከረከሩ ጢስ ማስነሣት ነው። መንገድ ለመዝጋት የሚለኮሰውን ጎማ ማለቴ አይደለም። የፊዚክስ መምህር ነኝና ነገሩን በዓይኔ ለማየት ፈለግሁ።

በሰበታ የሚታይ ነገር አይጠፋም። ስሟ በሜታ ቢራ የታወቀ ነው፤ መርሐ ዕውራን የሚባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እዚያ ነው፤ ወደ ጂቡቲ የሚወርደው አዲሱ የባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከዚያው ነው። ጢስ ግን አላገኘሁም። ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ቸርኬውን በመዶሻ እየደበደቡ፤ «ጎማ ጥርሱ ሲያልቅ ለጋሪ ይሆናል። ጋሪ ሲጠላው ምናለሽ ተራ ሄዶ በረባሶ ይሆናል። ጢስ የሆነ ጎማስ ምን ይሆናል?»

መልስ አልነበረኝም።

በሁለተኛው እሑድ ቡራዩ ሄድሁ። ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ ባለ አንድ አስፋልት ላይ የጨዋታውን ዱካ አገኘሁ፤ ጥቁር ክብ በክብ ላይ ተደራርቧል። ልጆቹ ግን የሉም። «ፖሊስ ሲያበዛባቸው ወደ ሱሉልታ ሄዱ» አለችኝ በቆሎ የምትጠብስ ሴት።

እኔም በሦስተኛው እሑድ እንጦጦን ተሻገርሁ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷ ጆሮ ይቆርጣል። ሣር ሜዳዋን የሩጫ ሰዎች ይወዱታል፤ ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚህ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ባለ አስፋልት ላይ ሰባት ስምንት ልጆች አንዲት መኪና ከብበው ቆመዋል።

አሜሪካኖች ለዚህ ጨዋታ የሚመርጡት በ1964 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ ያለውን፣ በመካከለኛ አካል ላይ ትልቅ ሞተር የተጫነበትን መኪና ነው። እዚህ የቆመችው ግን አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ሞተሯ 1,300 ሲሲ ብቻ ነው። በዚህ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚያወጣው ኃይል ሩብ ያህሉን ያጣል። ነገር ግን የድሮዋ ዲኤክስ የምትገፋው በኋላ እግሯ ነውና ልጆቹ ዘዴ አላቸው። ጥርሱ ካለቀው የኋላ ጎማ ሥር አንድ ጄሪካን ውሃ አፈሰሱ። ነጂው በቀኝ እግሩ ጣት ፍሬኑን፣ በተረከዙ ነዳጁን ረግጦ ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቀው። የፊት ፍሬን ከኋላው ስለሚበረታ መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ የኋላ ጎማዎቹ ግን ጮኹ። መጀመሪያ እንፋሎት፣ ቀጥሎ ነጭ ጢስ ወጣ። እውነቱን ልንገርህ፤ ልቤ በደስታ መታ።

አሜሪካ ውስጥ የአጭር ርቀት ተወዳዳሪዎች ይህን የሚያደርጉት ጎማው ሞቆ አስፋልቱን እንዲይዝ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በሶዌቶ በመንገድ ላይ የተጀመረው መኪና ማሽከርከር ግን በ2014 እ.ኤ.አ. እንደ ስፖርት ታውቆ በታጠረ ሜዳ ይካሄዳል። በሱሉልታ አጥር አልነበረም። ከመኪናዋ ሁለት ክንድ ርቀው ሕፃናት ይዘላሉ፤ ልምምድ ላይ የነበሩ ሁለት ልጃገረዶች አፍንጫቸውን በሹራባቸው ሸፍነው በጢሱ መካከል ሮጡ። እኔ ግን «ልጆቹን አርቁ» ማለት የታወሰኝ ጢሱ ካለቀ በኋላ ነው።

በሩ ተከፈተና ነጂው ወረደ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው! ደነገጠ፤ ወዲያውም ሣቅ አለና «ቲቸር፣ ሰበቃን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለኝ። እውነት ነው። አንዴ የተንሸራተተ ጎማ ቆሞ ከያዘው ይልቅ በቀላሉ እንደሚንሸራተት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሣቁ ግን አልቆየም። የግራው ጎማ ተቀዶ ሽቦው ወጥቷል። መኪናዋ የአባቱ ናት፤ በሥራ ቀን ሰው ይጭኑባታል፤ ነገ ደግሞ ሰኞ ነው። ስኮርታውን አብረን ቀየርንና ወደ ቤታቸው፣ ወደ ቡራዩ፣ አብሬው ሄድሁ። ብቻውን መሄድ ፈርቶ ነበር።

አባትየው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ተናገረ። አልጮኹበትም፤ ጎማውንም አላዩትም። ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ፍሪሲዮኑስ አልሸተተም?»

«ኧረ አልሸተተም» አልኋቸው።

አንባቢ ሆይ፣ እስከ እንጦጦ ድረስ ሲሸተን ነበር።