የሩቅ ገበያና የቅርብ ጠጋኝ

አዲስ አበባን በደቡብ በኩል ሊጎበኝ የፈለገ ሰው ከጎተራ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ቁልቁል ሲወርድ የሚያገኘው ሰፈር ነፋስ ስልክ ይባላል። ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክትን ከአገር ወደ አገር የሚያደርሰውን መሣሪያ አባቶቻችን ባዩ ጊዜ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ነው ሲሉ ስም አወጡለት፤ ሰፈሩም በዚሁ ስም ሲጠራ ይኖራል። ዛሬ ክፍለ ከተማው የላፍቶን ስም ጨምሮ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ተብሏል። እንግዲህ ከባሕር ማዶ በመጣ መሣሪያ ስም የሚጠራ አገር፣ ሌላም ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ መሣሪያ፣ ይኸውም ላፕቶፕ ስለሚባለው ታጣፊ ኮምፒውተር፣ ለመነጋገር የተገባ ስፍራ ነው።

መንገደኛው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡር ሐዲድ በአጠገቡ እያየ በአደይ አበባ በኩል ሳሪስ ይደርሳል። ከጎተራ ወደ ምዕራብ የታጠፈ እንደ ሆነ ደግሞ ጎፋንና መካኒሳን አልፎ፣ በላፍቶና በለቡ አድርጎ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እንደ ደን ከቆሙበት ከጀሞ ይገባል። በነዚህ ሰፈሮች ጧት ጧት ወደ ኮሌጅ የሚሄደውን ወጣት ያየ ሰው፣ በጀርባው ካዘለው ቦርሳ ውስጥ ላፕቶፕ እንዳለ ለመገመት አይቸገርም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው፣ የሒሳብ መዝገብ የሚያዘው፣ ሥዕለ ቤት የሚነደፈው በዚሁ ነውና ለብዙ ቤተ ሰብ ከትምህርት ቤት ክፍያ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ እርሱ ሆኗል።

ዕቃው ወደ አገራችን የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የባሕር በር ነው። ነጋዴው በባንክ በኩል ያዘዘው ዕቃ በኮንቴይነር ታሽጎ ጅቡቲ ይራገፋል፤ በጉምሩክ የሚጠየቀውን ከፍሎ ወደ መደብር ይገባል። ለቡ አጠገብ ካለው ጣቢያ የሚነሣው፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ባቡር መድረሻው ይህ የጅቡቲ ወደብ ነው። ሁለተኛው በር የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዚህ በኩል ዕቃው የሚገባው በመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ላኪው ወንድም ወይም እኅት፣ ተሸካሚውም ለበዓል የሚመጣ ዘመድ ይሆናል። ሕዝቡ በርካሽ አገኘሁ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው በር ያለፈውን ነው።

ይህ አባባል እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ ቀን አስቀድሞ 1 የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ከሳንቲም ነበረ፤ ብዙ ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ 500 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ፣ ከ29 ሺህ ብር በታች የነበረው ከ50 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚህም ላይ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከፈለው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ይህን ያየ ሰው ዓይኑን ወደ ባሕር ማዶ ቢያነሣ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ምንዛሪው ነጋዴውን እንደሚከተል መንገደኛውንም ይከተላል። ደመወዙን በብር የሚቀበል ሰው ዱባይ ደርሶ ቢገዛም ዶላሩን አስቀድሞ በብር መግዛት አለበት፤ የቪዛውና የአውሮፕላኑ ዋጋ ሲጨመርበት ለአንድ ላፕቶፕ ብሎ የሄደ መንገደኛ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ይመስላል። ትርፉ ያለው በዚያው አገር ሠርቶ ደመወዙን በድርሃም ለሚቀበል፣ ወይም በሌላ ጉዳይ ለሚሄድ ሰው ነው።

ጀሞ ውስጥ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት ጎረቤት አሉን። የበኩር ልጃቸው ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው የዕቁብ ዕጣ ወጣላቸው። ታናሽ ወንድማቸው ዱባይ በሥራ ላይ ነበረና፣ «መምህር፣ እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ከዚሁ ከሱቅ ልግዛለት፣ ወይስ ወንድሜ እስኪልክ ልጠብቅ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም በልጃቸው ደብተር ላይ ሦስት መስመር አሠመርኩ፤ በመጀመሪያው የመግዣውን ዋጋ፣ በሁለተኛው የማምጫውን ወጪ፣ በሦስተኛው ደግሞ ዕቃው ቢበላሽ የሚጠየቀው ሰው የት እንደሚገኝ እንድንጽፍ ነገርኋቸው። ሁለቱን መስመሮች በቶሎ ሞላናቸው፤ ሦስተኛው ግን ብዙ አነጋገረን።

ስለ መጀመሪያው መስመር የዱባይን ገበያ ሥርዓት ማወቅ ይጠቅማል። በዚያ አገር 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ያህል ነው፤ ምጣኔውም ጸንቶ የቆመ ስለ ሆነ ሒሳቡ አያደናግርም። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ በዕቃ ላይ 5 በመቶ ታክስ ይከፈላል። በእንግድነት ለሄደ መንገደኛ ግን የዚህ ታክስ አብዛኛው ክፍል ይመለስለታል፤ በ2,000 ድርሃም ዕቃ ላይ 100 ድርሃም ታክስ የከፈለ ሰው 80 ድርሃም ያህል ሊያገኝ ይችላል። ለዚህም ሲገዛ ፓስፖርቱን አሳይቶ ደረሰኙ በዚያ ሥርዓት እንዲመዘገብ መጠየቅ፣ በአውሮፕላን ማረፊያም ሻንጣውን ከማስረከቡ በፊት ማረጋገጥ ይገባዋል። በዚያ አገር በመኖሪያ ፈቃድ የተቀመጠ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

በሁለተኛው መስመር ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም ይጻፋል። ላፕቶፕ በባትሪው ምክንያት በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ባይላክ ይሻላል። የዱባይ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሲሆን የእኛ ግን ክብ ነውና መቀየሪያ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ የሚመጣ እንደ ሆነ በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሕፈት መኖሩን መመልከት ነው፤ ይህ ካለ በእኛ 220 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል። ተሸካሚውም ዘመድ ስለ ጉምሩክ ደንብ ከመነሣቱ በፊት ጠይቆ ይወቅ፤ የሰው አደራ ይዞ በር ላይ ማፈር ለላኪውም ለተቀባዩም ኀዘን ነውና።

ስለ ፊደላችን የሚሰጋ ሰው ካለ አይስጋ። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና በደከሙበት ዘመን ከውጭ የተገዛ መኪና ሀ ሁን አያውቅም ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ ግን የትም የተገዛ ላፕቶፕ አማርኛን መጻፍ ይችላል። ከዱባይ በሚመጣው ላይ ከላቲኑ ጎን የዐረብኛ ፊደል ተቀርጾ ቢገኝም ለሥራው እንቅፋት አይሆንም።

ሦስተኛው መስመር ዋስትና ነው። በብዙ ፋብሪካዎች ልማድ ዋስትናው ዕቃው በተሸጠበት አገር ብቻ የጸና ነው፤ በዓለም ሁሉ የሚሠራ ዋስትና የሚሰጡ ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ በአቅራቢያችን የጥገና ቤት ከሌላቸው ወረቀቱ ብዙ አይረዳም። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። የድርጅት ንብረት የነበረ ላፕቶፕ አንዳንድ ጊዜ በድርጅቱ የምስጢር ቁልፍ እንደ ተዘጋ ይሸጣል፤ ሲገዙት የሠራው ቤት ሲደርስ ይቆለፋል። ስለዚህ ገዢው በሻጩ ፊት ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ማስጀመር፣ በጀርባው የተጻፈውንም መለያ ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር አለበት።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ጎረቤታችን ከወንድማቸው ለመቀበል ቆረጡ፤ ገንዘቡ በድርሃም የተሠራ፣ አምጪውም ለገና የሚመጣ ዘመድ ነበረና። ነገር ግን ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ልጃቸው ጎፋ ያሉትን ጠጋኞች ዞሮ መለዋወጫው በቶሎ የሚገኘው የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ጠይቆ ስሙን ለአጎቱ ላከ። ሁለተኛ፣ ከዕቁቡ ገንዘብ 5 ሺህ ብር ለጥገና ብለው ለብቻ አስቀመጡ።

በአራተኛው ወር፣ ልጁ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ላፕቶፑ ኤሌክትሪክ መቀበል አቆመ። የሻጩ ዋስትና በሻጩ አገር ቀረ። የጎፋው ጠጋኝ ከፍቶ ቢያየው የቻርጀሩ መግቢያ ተሰብሯል፤ ዓይነቱ የተለመደ ስለ ነበረ መለዋወጫው በማግሥቱ ተገኘ፤ ክፍያውም ከተቀመጠው ገንዘብ ተርፎ ጽሑፉ በቀኑ ተረከበ። እናቲቱ ሲነግሩኝ፣ «ያ ገንዘብ ባይቀመጥ የዓመቱ ድካም በሦስት ሳምንት ይጠፋብን ነበር» አሉኝ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአባቶች ቃል በዕቃም ላይ ይሠራል። ከባሕር ማዶ መግዛት አይነቀፍም፤ ለብዙ ቤትም ጠቅሟል። ይሁን እንጂ ገዢው ትርፌ ይህን ያህል ነው ብሎ ከመናገሩ በፊት ጠጋኙን ይወቅ፤ ካተረፈውም ላይ እኩሌታውን ሳይነካ ለዓመት ያቆይ። ዓመቱ በደኅና ካለፈ ያን ጊዜ በእውነት አትርፏል፤ የተቀመጠውም ገንዘብ ለታናሹ ልጅ መጽሐፍ መግዣ ይሆናል።